በሐኪም ትእዛዝ መክሳት

ሴት ልጅ በዕድሜዋ ሦስት ጊዜ ትወፍራለች። አንዴ ስታገባ፣ አንዴ ስትወልድ፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት። የፊተኞቹን ሁለቱን ሰው ሁሉ ይመርቅላታል። ሦስተኛው ግን ሃምሳ ዓመት ሲጠጋ ሳያንኳኳ የሚገባ ነው። አንድ ጠዋት ትነሳና መቀነቷን ስትታጠቅ፣ ድሮ አራት ጊዜ ይዞራት የነበረው መቀነት ሦስተኛው ዙር ላይ ያልቅባታል። በእጥበት አጥሮ ነው ብላ ታልፈዋለች። እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት ያህል መቀነቴን ሳማ ኖሬያለሁ።

መቼም የዛሬዎቹ ይህን ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። የሴት ልጄ ልጅ ማለዳ ማለዳ ጫማዋን አጥብቃ አስራ ትወጣና እስከ ሳሪስ ሮጣ ላብ በላብ ሆና ትመለሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ማን አባረራት ብዬ እደነግጥ ነበር። ለጤናዬ ነው ትላለች፤ እውነቷን ነው። በእኛ ጊዜ ግን ትልቅ ሴት በመንገድ ላይ ስትሮጥ ከታየች፣ ወይ የፋብሪካ ሰዓት አልፎባታል፣ ወይ ቀበሌ ሱቅ ዘይት መግባቱን ሰምታለች። "ወፍረሻል" ማለትም ስድብ አልነበረም። ባልሽ ሰው ነው፣ ቤትሽ ሙሉ ነው፣ እግዜር አልረሳሽም ማለት ነበር። "ከስተሻል" የተባለች ሴት ግን ቁጭ ብላ ማስረዳት ነበረባት።

እኔ ሳላስረዳ ከሳሁ። የመጣብኝም ጣጣ ሁሉ ከዚያ ነው።

ያኔ አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። ባለቤቴ ታደሰ ባቡር መሥሪያ ቤት የሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችን አግብተው ወጥተዋል፤ የመጨረሻው፣ ሰለሞን፣ ብሔራዊ ውትድርና ደርሶት ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎታል። ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። በመጨረሻ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሲስተር ገና ልጅ ናት፤ ግን ፈገግታ የሚባል ነገር በራሽን የሚሰጣት ይመስል ትቆጥበዋለች። ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ሰማንያ ስድስት ኪሎ። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ ደም ግፊቴን ለካች፤ ለካችና እንደገና ለካች።

"ምን ይመገባሉ እትዬ አሰለፈች?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት።

መዋሸቴ አልነበረም። የዓመቱን እኩሌታ እጾማለሁ። ከዚያም በላይ፣ እኔ ገበታ ላይ ተቀምጬ የበላሁበትን ቀን አላስታውስም። ሲስተር ግን እስክሪብቶዋን አንስታ "እስኪ ትናንት ከጠዋት ጀምረው ይንገሩኝ" አለች። ነገርኳት። ጠዋት የወጡን ጨው ለማየት ቀመስኩ። ጨው ሲያንሰው ጨመርኩና መጨመሩን ለማየት ቀመስኩ። ታደሰ የተወውን እንጀራ፣ የእህል አምላክ ይቆጣል ብዬ ጠረግኩት። ሚጥሚጣ ልዋስ ጎረቤቴ ዘሀራ ቤት ገባሁ፤ ገበታ ላይ ደረስኩና አጎረሰችኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛ ጎረስኩ። ሦስተኛው ለምን እንደነበረ ትዝ አይለኝም። ፋብሪካ ሥራ ላይ ቆሎ ቆረጠምኩ፤ ቆሎ ግን ምግብ አይደለም። ሻይ ጠጣሁ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ማታ ደግሞ የሰለሞንን ድርሻ።

"ሰለሞን ማን ነው?"

"ልጄ ነዋ። ግዳጅ ላይ ነው።"

"ታዲያ እሱ ሳይኖር ድርሻው ምንድን ነው?"

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ልጄ ከሄደበት ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የእሱን ድርሻ በሳህኑ አውጥቼ እከድንለታለሁ። መንገደኛ ድርሻው ቤቱ ካልተቀመጠለት በሄደበት አይጠግብም ትል ነበር እናቴ። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ሰለሞን አልመጣም። መድፋቱ ኃጢአት ነው። ለሌላ መስጠት ደግሞ አይመጣም ብሎ መፈረም መሰለኝ። ስለዚህ እኔው እበላዋለሁ። ታደሰ ከተወው አንዴ፣ ለሰለሞን አንዴ።

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቁጭ ብለው በሰዓቱ ይብሉ፣ ሲቀምሱ የዋሉትን እንደ ምግብ ይቁጠሩት፣ ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ ያውርዱ፣ ሥራ በእግርዎ ይሂዱ፣ ሳህኑንም ይተዉት አለችኝ። በስኳሩ አልተከራከርኩም፤ ቀበሌው ራሱ ራሽኑን ሊቀንስልኝ ነበር። በሳህኑ ግን ተከራከርኩ። ሲስተር እስክጨርስ ሰማችኝና "ግፊትዎ እንዲህ ከቀጠለ ልጅዎ ሲመጣ የሚጠብቀው ሰው አያገኝም" አለች። ልጄ መጥቶ እኔን እንዲያገኘኝ ብዬ ሳህኑን አጥቤ ሰቀልኩት።

ለምን ለሰው አልተናገርሽም ትሉኛላችሁ። ያ ዓመት ወሎ የተራበበት ዓመት ነበር። ዘሀራ የወሎ ሰው ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከደሴ ሲመለስ ከጭነቱ ጋር ዘመዶቿን ይዞላት ይመጣል። በሁለት ክፍል ቤቷ ሰባት ነፍስ ገብቶ ነበር፤ ሰው ሲያዩ እጅ እጁን የሚያዩ፣ ከንፈራቸው የደረቀ። ታዲያ ለእሷ፣ በአጥር ላይ አንገቴን አስግጌ፣ "ዘሀራዬ፣ ምግብ በዝቶብኝ ሐኪም ቀንሺ አለኝ" ልበላት? አፌ ይቆረጥ። ለታደሰም አልነገርኩትም። ታደሰ ጥሩ ባል ነው፤ ወሬ ግን እሱ ዘንድ አያድርም።

አራት ወር ሙሉ ሲስተር እንዳለችው አደረግኩ። አሥራ አንድ ኪሎ ወረደልኝ። ጉልበቴ ተሻለው። መቀነቴም ረዘመ። ታደሰ ምንም አላየም፤ ሠላሳ ዓመት ያዩትን ነገር ደግሞ ማየት ለወንድ ከባድ ነው። ሴቶቹ ግን አዩ። "ምነው አሰለፈች፣ ደኅና አይደለሽም?" ማለት መጣ። "ደኅና ነኝ" አልኩ። በእኛ ሰፈር ደግሞ "ደኅና ነኝ" ያለች ሴት ደኅና እንዳልሆነች ይታወቃል። ገንፎ መጣልኝ። አጥሚት መጣልኝ። ጭኮ መጣልኝ። አመስግኜ እቀበልና በጓሮ በር ለዘሀራ እንግዶች አሻግራለሁ። ዘሀራ ምግቡን እየተቀበለች ፊቴን ታያለች። እኔ ደግ የሆንኩ መስሎኛል፤ እሷ ለካ ማስረጃ እየሰበሰበች ነው።

ነገሩን እሷ ባየችበት ዓይን እዩት። ልጇ ጦር ሜዳ ያለ እናት ነች። ደብዳቤ ከመጣ አምስት ወር አልፎታል። እህል አይወርድላትም። ጠቁራለች። ስትጠየቅ ደኅና ነኝ ትላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዘሀራ በጓሮ በር ስትገባ ዓመት ሙሉ ተከድኖ ታየው የነበረውን የልጇን ድርሻ ድንገት ተወችው። የዚያ ዘመን ሰው ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን በቃሉ ሳይሆን በኑሮው የተማረ ነው። ልጃቸው ሞቶባቸው ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ያልተፈቀደላቸው እናቶች ከጥቂት ዓመታት በፊት በየሰፈሩ ነበሩ። ሐዘንን ሆድ ውስጥ ይዞ ሥራ መሄድ አዲስ ነገር አልነበረም። ዘሀራ አሰበች፣ አዘነች፣ ከዚያ ለእድራችን ዳኛ ለአቶ በዳዳ ነገረች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ዘሀራ ግን አልቸኮለችም፤ አራት ወር አስባበታለች።

አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። በዚያ ዘመን በጎሕ በር የሚያንኳኳ ሰው ወይ ሊወስድ ነው ወይ መርዶ ሊነግር። ከፈትኩት። ከፊት አቶ በዳዳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው አራት ሽማግሌ፣ ከእነሱ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፤ ዘሀራ ዓይኗ አብጧል። ዳር ላይ ሁለት ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመዋል። እኔ የማስታውሰው እስከዚያ ነው። ጩኸቴ ባቡር ጣቢያ ድረስ ተሰምቷል ይላል ታደሰ፤ ታደሰ ማጋነን ይወዳል።

ሴቶቹ በሁለት ክንዴ ያዙኝ። "አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" ይሉኛል። አንዷ ጆሮዬ ሥር ሆና "አራት ወር ሙሉ እንዴት በሆድሽ ቻልሽው?" አለችኝ። አራት ወር የሚለውን ስሰማ፣ ልጄ ከሞተ አራት ወር ሆነው ማለት ነው ብዬ እንደ አዲስ ጮኽኩ። ታደሰ ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። ሰውን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። እንዲያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። ቆይቶ እንባውን በጋቢው ጠርጎ "መቼ ነው? የትስ ላይ ነው?" ሲል ጠየቀ።

"እሱን እንኳ እናንተ ናችሁ የምትነግሩን" አሉት አቶ በዳዳ።

"እኛ ምን እናውቃለን? መርዶውን የያዛችሁት እናንተ።"

"እኛስ ልናጽናና ነው የመጣን። መርዶውን ከሰማችሁ ቆይታችኋል ተብለን።"

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። ዳር ያሉት ሴቶች ነገሩ ስላልደረሳቸው ትንሽ ቀጠሉበት። አቶ በዳዳ ባርኔጣቸውን ደፉና "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የልጁን መሞት በጆሮው የሰማ ማን ነው?" አሉ። አንዱ አንዱን አየ። በመጨረሻ ሁሉም ዘሀራን አዩ።

"እኔስ የሰማሁት የለም" አለች ዘሀራ።

"ታዲያ ማን ነገረሽ?"

"ሰውነቷ ነዋ የነገረኝ። እዩዋት እስኪ። ይህ ደኅና ሰው ነው?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በእድሩ ሁሉ ፊት፣ ከእንባዬና ከንፍጤ ጋር፣ ሰማንያ ስድስት ኪሎ እንደነበርኩ፣ ሲስተር ቀንሺ እንዳለችኝ፣ የሰለሞንን ድርሻ ማታ ማታ እኔው ስበላው እንደኖርኩ ተናዘዝኩ። እኔ የማየው ዘሀራን ብቻ ነበር፤ ከኋላዋ አክስቷ ቆማለች፣ ከወሎ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው።

"ይህን ነው የደበቅሽኝ?" አለች ዘሀራ።

"ምን ብዬ ልንገርሽ? በምን ፊቴ?"

"አንቺ ስለበላሽባቸው አይደለም የኔ ሰዎች የተራቡት" አለችኝ። ተቆጥታ ነበር፤ ግን ነጠላዋን ማዘቅዘቋን ትታ ወደ ወጉ መልሳ ለበሰችው። ሌሎቹም ሴቶች እሷን አይተው እንዲሁ አደረጉ። ያን ጊዜ ነው ልጄ እንዳልሞተ ያመንኩት።

ንፍሮው ግን ተቀቅሎ መጥቷል። ለለቅሶ የተቀቀለ ንፍሮ በቁሙ ላለ ሰው ይበላለታል? ወደ ቤት ቢመለስ ሟርት ነው፤ ቢደፋ ደግሞ በዚያ ዓመት፣ በዘሀራ አክስት ፊት፣ አይታሰብም። አቶ በዳዳ አሰቡበት። ንፍሮ የለቅሶ የሚሆነው ሟች ሲኖር ነው፣ ሟች ከሌለ የተቀቀለ ስንዴ ነው፣ የተቀቀለ ስንዴ ደግሞ ቁርስ ነው ብለው ፈረዱ። ሁሉም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቁርሱን በላ።

እናንተ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ልጄ አለመሞቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም እኮ፤ የታወቀው መሞቱን ማንም አለመስማቱ ብቻ ነው። የተሳሳተ መርዶም ቢሆን አንዴ ደጃፍ ከረገጠ ወዲያ ተመልሶ አይወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በእውነት እንቢ አለኝ። ከዘሀራ ቤት ጉርሻ ሲመጣ አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። በሁለት ወር ውስጥ ሌላ ዘጠኝ ኪሎ ወረደ። ክሊኒክ ስሄድ ሲስተር ካርዴን ተመለከተች፣ ሚዛኑን ተመለከተች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ። "በጣም በርትተዋል" አለችኝ።

አንድ ማክሰኞ የማታ ፈረቃ ስለነበርኩ ቀን ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ። ቀና ስል አንድ ወፍራም ወታደር በሩ ላይ ቆሟል። አላወቅኩትም። እሱም ያወቀኝ አልመሰለኝም። ጉንጩ ሞልቷል፣ ኮቱ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎታል። ኋላ እንደሰማነው፣ ማሠልጠኛ ሳሉ ወጥ መሥራት የሚያውቅ አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እናቱ ስትቀምስ እያየ ያደገ ልጅ እጁን አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጠመንጃው ጭልፋ ሆነ። የጻፋቸው ደብዳቤዎች የት እንደቀሩ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

"እማዬ?" አለ። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ አየኝ፤ የተረፈኝን አጥንትና የሰፋኝን ቀሚስ። "አባዬስ?" አለ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው እንባ ነው። የደስታ ነበር። እሱ ያንን ከየት ይወቅ? የያዘውን ቦርሳ ለቀቀና "አባቴን፣ አባቴን" እያለ አለቀሰ። አይደለም ልለው እፈልጋለሁ፣ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ከማልቀስ በቀር የምችለው የለኝም። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። የሚታየው የምታለቅስ እናትና አንድ ወፍራም ወታደር ነው። ሰለሞን ቀጭን ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ወታደር መርዶ ይዞ የመጣ መሆን አለበት። ዘሀራ የሰለሞንን ትከሻ ይዛ ለሰለሞን አለቀሰች። ታደሰ ለምሳ ሲመለስ ከራሱ ቤት ለቅሶ ሰማ፤ መንገድ ላይ አንዱ "ወታደር መጥቷል" ብሎታል። "ልጄን" እያለ ገባ። ልጁም "አባቴን" እያለ ዞረ። ልብስ በተሰጣበት ገመድ ሥር ተገናኙ።

ሰለሞን ዓይኑን ጠረገ። "አባዬ፣ አልሞትክም እንዴ?" አለው።

"አንተስ?" አለው ታደሰ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አቶ በዳዳ ቆመው፣ እድራችን ማንም ሳይሞትበት ሁለት ጊዜ አልቅሷል፣ ሦስተኛውን አንችልም አሉ። ውሳኔ ተጻፈ። ከእንግዲህ በሐኪም ትእዛዝ የሚከሳ አባል፣ ከመክሳቱ በፊት ለእድሩ ያሳውቃል። ሁሉም እጁን አወጣ። መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የተጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ወይዘሮ አሰለፈች፣ በሐኪም ትእዛዝ" ይላል። ጥሩ ሕግ ነበር፤ እኔም ደግፌዋለሁ።

ሰለሞን የተሰጠው ፈቃድ አሥራ አምስት ቀን ነበር። አሥራ አምስቱንም ቀን ገበታ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በሰዓቱ፣ ከልጄ ጋር በላሁ። ከዚያ ተመልሶ ሄደ። (ኋላ በሰላም መጥቷል፤ አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፤ የሆዱን ነገር አትጠይቁኝ።) በሄደ በሳምንቱ እህሉ እንደገና እንቢ አለኝ። ቀሚሴ እንደገና ሰፋ። በዚያን ጊዜ ግን በሩን ያንኳኳ፣ ገንፎ ያመጣ፣ ምነው አሰለፈች ያለ አልነበረም። በመንገድ ላይ ያዩኛል፣ ራሳቸውን ነቅንቀው "በርቺ" ብለው ያልፋሉ። መዝገብ ላይ አለሁ እኮ። ያን ጊዜ ነው ሰው በነገሬ እየገባ መኖሩ ከምን እንዳዳነኝ የገባኝ፤ ትንሽም አለቀስኩ፣ በጓዳ።

በሦስተኛው ሳምንት ዘሀራ በጓሮ በር ገባች። የተከደነ ሳህን ይዛለች። ፊቴን አየችና "ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ።

"ሐኪም እኮ…" ብዬ ጀመርኩ።

"እሱን ለእድሩ ንገሪ" አለችና፣ ሳህኑን መካከላችን አስቀምጣ ቁጭ አለች።